ሸሎን በእግሯ ያዳመጠችው አንጓች

ስሙኝማ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ድሮ ነው፣ ወንዝ ድልድይ ሳያውቅ፣ ሰው ውሃን እየለመነ በሚሻገርበት ዘመን። በሸሎ ወንዝ ዳር አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ድሃ ናት። ያላት አንድ እንዝርት፣ አንድ ነጠላ፣ ሁለት ጆሮ። ግን ምን ዓይነት ጆሮ! እንደኔ "ምሳ ቀረበ" ሲባል ብቻ የሚሰማ እንዳይመስላችሁ።

ባሏን ደራሽ ውሃ ወስዶባታል። "ከእንግዲህ ማንንም አትበላም" አለችው ወንዙን። ክረምት በመጣ ቁጥር ጆሮዋን ከዳር ካለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ትለጥፋለች። ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲነሳ፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትሰማለች። "ውጡ! መጣ!" ትላለች። ሰው ይወጣል፣ ጎርፉ ይደርሳል። ሰባት ክረምት ሸሎ ጾሙን አደረ።

በስምንተኛው ዓመት፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ አንድ ማለዳ ብትነሳ ዓለም ጭጭ ብሏል። ዶሮው አፉን ይከፍታል፤ ድምፅ የለም። ጎረቤት "ብርድ ነው፣ በራሱ ይለቃታል" አለ። ሳምንት ጠበቀች። አልለቀቃትም።

መድኃኒት አዋቂው ዘንድ ሄደች። ስንት ቀን እንደሆናት በጣቱ ጠየቃት። ሰባት ጣት አሳየችው። "ዘግይታለች" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የጤና አዳም ጭማቂ ለብ አድርጎ ጠብ አደረገላት። ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሄዳ ጆሮዋን ለጠፈች። ሸሎ ዝም።

ጎረቤት ተከራከረ። "ዋግምት ነበር የሚሻላት!" "ኧረ ዝም በይ፣ ላንቺ ወገብ መች ሠራና!" ሲያማርጡ ሌላ ሳምንት አለፈ። ዋግምት አጋሚዋም ቀኑን ጠየቀቻት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከጆሮዋ ኋላ በቀንድ መጠጠችላት። ወደ ድንጋዩ ሄደች። ሸሎ ዝም።

ጠበል ወረደች። ቄሱም ቀኑን ጠየቋት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባት ቀን ተጠመቀች። ልቧ ተጽናና። ወደ ድንጋዩ ሄደች። ሸሎ ዝም። ያን ቀን አለቀሰች፤ የገዛ ልቅሶዋንም አልሰማችው።

ክረምቱ ገባ። አንጓች ምን አደረገች? ወንዙ መሐል ገብታ ቆመች። ዓይኗን ጨፍና በእግሯ አዳመጠች። ጎርፍ ሲነሳ ከእግሯ ሥር ጠጠሩ ይርበደበዳል። ያኔ ትጮኻለች። ሰውን ግን አንድ ነገር ለመነች፦ "የመጨረሻው ተሻጋሪ ትከሻዬን መታ ያድርገኝ፤ ያኔ እወጣለሁ።"

ነሐሴ ላይ ገበያተኛው ከነአህያው ሲሻገር "ውጡ! መጣ!" አለች። ሰው ተደናግጦ ሮጠ። ትከሻዋን የነካ የለም። ሁሉም ከዳር ሆኖ ተጣራ። "እትዬ አንጓች! ወጥተናል! ውጪ!" መስማት እንደተሳናት ያውቃሉ። ግን ሰባት ዓመት ያመኑት ጆሮ ነውና ረሱት። እሷ ግን ከኋላዋ ገና ሰው ያለ መስሏት፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ጠበቀች።

ነጠላዋን ብቻ አገኙ።

እና ልጆቼ፣ በእኛ አገር ጆሮው ድንገት የተዘጋበት ሰው "የአንጓችን ሳምንት አትጠብቅ" ይባላል፤ እጁን ይዘው በዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ይወስዱታል። ሸሎም ዛሬ ድልድይ አለው። ግን ጥቁሩ ድንጋይ እዚያው ነው። የመጨረሻው ተሻጋሪ ወርዶ ድንጋዩን መታ መታ ያደርጋል፤ እንደ ትከሻ።

"ወጥተናል፣ እትዬ አንጓች" ይላታል።