የጦይባ ጥያቄ

ዘመኑ ሩቅ ነው፤ አያቶቻችን ገና አልተወለዱም። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ጦይባ የምትባል ሰሌን ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያላት ልጅ ሙሔ ብቻ ነበር። ሙሔን እብሬ የሚባል ጎረቤት በመስኖ ውሃ ተጣልቶ ገደለው። ያየ ሰው አልነበረም። እብሬ ራሱ መጥቶ አመነ። ለፍርዱ ይህ በቂ ነበርና ሌላ ነገር የጠየቀው የለም።

ቃዲው ጦይባን አስጠርተው ሕጉን ነገሯት። ይገደል ማለት ትችላለች፤ የደም ካሳ መቀበል ትችላለች፤ ለአላህ ብላ መማርም ትችላለች። የእሷን ልብ የሚያቃጥለው ግን ሌላ ነበር። ልጇ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ሸሃዳ ብሎ ነው የሞተው? ይህን የሚያውቅ ካለ እብሬ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ወንድሞቿ መጡ። ይገደል በዪ አሏት። እምቢ አለች።

«ሰሌን ስትሠሪ ልብሽም ሰሌን ሆነ» አላት ታላቅዬው።

«ይሁን፤ ሰው ይሰግድበታል።»

ቀጥሎ የእብሬ ዘመዶች ከብት ነድተው መጡ። እምቢ አለች። ከብቶቹ የደጇን ሣር ግጠው ተመለሱ።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። እብሬ መጥቶ ይንገርሽ፣ ከሰማሽ በኋላ ማሪው አሏት። አሁንም እምቢ አለች።

«ለነፍሱ የሚፈራ ሰው መስማት የምፈልገውን ነው የሚነግረኝ» አለች።

ተነሥታ ቃዲው ዘንድ ሄደች። እብሬ ታስሮ ተቀምጧል። ለአላህ ብዬ ምሬዋለሁ፣ ፍቱት አለች። ተፈታ። ያኔ ጠየቀችው።

«ከእንግዲህ ከእኔ የምትፈራው የለም። ልጄ ሸሃዳ ብሏል?»

እብሬ መሬት መሬቱን እያየ መለሰላት።

«አላውቅም፣ እናቴ። ጥዬው ሮጥኩ። ከኋላዬ አንቺን ሲጠራ ሰምቻለሁ።»

አብረዋት የመጡት ወንድሞቿ ብድግ አሉ። በእጇ መለሰቻቸው። ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሰችም ነበር፤ ያን ቀን አለቀሰች። ስታበቃ፣ «እውነቱን ነገርከኝ» አለችው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አገኘች ይባላል።

በዚያ አገር ዛሬም የሟች ወገን ገዳዩን ለመማር ከቆረጠ አስቀድሞ ያስፈታል፤ የሚጠይቀውን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። የጦይባ ጥያቄ ይሉታል።

ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ስተርክ፣ እያፈርኩ የምዘለው ነገር ነበር። እብሬ የአያቴ አባት ነው። በቤታችን በየትውልዱ አንዲት ሴት ልጅ ጦይባ ትባላለች። ስለ ስሜ ሲጠይቁኝ የአያቴ ስም ነው እል ነበር። አይደለም። የጦይባን ልጅ የገደለው ሰው ቤት ያወጣልኝ ስም ነው፤ እኮራበታለሁ።