በአንድ ሞገድ ሁለት ደጋሚ

የአማተር ሬዲዮ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ድልነሳሁ ተራራ ላይ ደጋሚ አስተከሉ፤ ደካማ ድምፅ ሰምቶ ያንኑ አጉልቶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። የመረጡት ሞገድ ግን የቆላው ሰው አምቡላንስ የሚጠራበት ነበር። የቆላውን ደጋሚ የምትጠብቀው ምላሰኛ ሴት ኮሚቴው ፊት ተጠራች።

«በአንድ ሞገድ ሁለት ደጋሚ አይቀመጥም። ያንቺን አውርጂ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ታውርድ» አሉ ስድስቱ የኮሚቴ አባላት በአንድ አፍ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስድስቱም ጠረጉ።

ሴትዮዋ ነገሩ አስቀድሞ እንዳለቀ ገባት። ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳችና እንዲህ አለች፦

«ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ጌታዬ፤ አወርዳለሁ። ብቻ እዚህ በእርስዎ ሞገድ ላይ ስድስት ደጋሚ ተቀምጧል። አምስቱ ይውረዱና እኔ እከተላለሁ።»