የአያ ዳምጤ ጥም

አያ ዳምጤን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም። የሰማ ግን ሞልቷል፤ የሰማው ሁሉ ሲያወራ ትንሽ ይጨምራል እንጂ የሚቀንስ እስካሁን አልተገኘም።

ሰውየው በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖር ድሃ ገበሬ ነበር። ያለው ነገር አንድ በሬ፣ ዘርፌ የምትባል ሚስትና ምላሱ ነው። የአገሩ ባለጸጋ ደግሞ ባላምባራስ ጓንጉል ነበሩ። ባላምባራስ ሹመቱን ባገኙ ሰሞን እንደ ትልልቆቹ መኳንንት መጋረጃ አሰቀሉና የሰው ዓይን እንዳይበላቸው ከመጋረጃው ጀርባ ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። ብቻቸውን መብላት እንጂ ብቻቸውን መሆን ግን አይወዱም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ የሚያጫውታቸው ሰው ይጠራሉ።

አንድ ቀን አያ ዳምጤ ቁርስ ሳይቀምስ ተጠርቶ ተቀመጠ። ከወዲያ ቅልጥም ሲመጠጥ ይሰማል፤ ከወዲህ የእሱ ሆድ ይጮኻል። ሲቆይ ባላምባራስ፣ “ዳምጤ፣ ምነው ዝም አልክ? እንድታጫውተኝ እኮ ነው የጠራሁህ” አሉ።

«እርስዎ ሲጎርሱ እኔ እያላመጥኩ ነው፣ ጌታዬ፤ በሞላ አፍ ማውራት ደግሞ ነውር ነው።»

ባላምባራስ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ፣ “እንግዲያው ጠግቧል፣ ሸኙት” ብለው እንደ መጣ ሰደዱት።

በማግስቱ ባላምባራስን ቁርጠት ያዛቸው። የትናንቱን ቅልጥም ማን አስጨረሰዎት የሚላቸው የለም። አልጋቸው ላይ እየተገላበጡ አያ ዳምጤን አስጠሩትና፣ “ትናንት አብረን በላን አላልክም? ታዲያ ዛሬ አንተን ለምን አላመመህም?” ሲሉ ጠየቁት።

«እንዴት አያመኝ፣ ጌታዬ። እርስዎ ስለሚያቃስቱልኝ እኮ ነው ቀለል ያለኝ።»

ከዚያ ወዲህ ባላምባራስ ሊያዋርዱት ቀን ይጠብቁ ጀመር። የማርያም ማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “ዳምጤ፣ ነጠላህ አልቋል፤ ጎተራህም ባዶ ነው አሉ። በል፣ የሚያስፈልግህን አንድ ነገር ለምነኝና በሰው ፊት ልስጥህ” አሉት። ፍላጎታቸው መስጠቱ ሳይሆን ሲለምን ማየቱ ነው፤ ይህንንም ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቃል። አያ ዳምጤ አስቤ ልምጣ ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ማኅበር ጥጉን ይዞ ጠላውን ሲጠጣ አይተው፣ “እህ፣ ምን ቸገረህ ታዲያ?” አሉት።

«ቤቴን ጥጋጥጉን ሁሉ ፈተሽኩት፣ ጌታዬ፤ የጎደለ ነገር ብዙ አገኘሁ፣ የጎደለበትን ሰውዬ ግን አጣሁት።»

ይህች መልስ አገር ለአገር ዞራ ዘርፌ ጆሮ ደረሰች። ዘርፌ ደግሞ የሚያፈስ ጣሪያ እንዲከድንላት ከለመነችው ከርማለች። ቁርበቱን ጎትታ ልክ ከሚያፈሰው ሥር አነጠፈችለት። አያ ዳምጤ ከእርሻ ገብቶ ጋደም አለ። ወዲያው ዝናቡ መጣና ጠብታው ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ዘርፌ ከምትፈትለው ጥጥ ቀና እንኳ ሳትል ጠየቀችው።

«ሰውዬው መጣ እንዴ?»

አያ ዳምጤ ሣር ፍለጋ ወጣ። በዕድሜው መልስ ያጣው በዚያች ቀን ብቻ ነው ይባላል፤ ዘርፌ ግን እንደዚያ አትልም ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ባሕታዊ ገበያ መካከል ቆሞ፣ “ዓለምን ንቄአለሁ፤ እኔ ምንም ነገር አያስፈልገኝም” እያለ ሲጮኽ ዋለ። ሰው ከቦ ሲሰማው ቆየ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን የሚሸጥ ያለው ወደ ሽያጩ፣ የሚገዛም ወደ ግዢው መበተን ሲጀምር ባሕታዊው ተቆጣ። “ወዴት ትሄዳላችሁ? ገና መቼ ጨረስኩ” ብሎ መቋሚያውን ዘርግቶ መንገድ ዘጋ። የጎረቤት አህያ እየነዳ ሊያልፍ የነበረው አያ ዳምጤ ከመቋሚያው ፊት ቆመ።

«አባ፣ ምንም ካላስፈለገዎት እኛን ይልቀቁን።»

ከዚያ ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ። ከብቱ ከሳ፣ አገሩ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ምህላ ያዘ። ሁሉም እግዚኦ ሲል ባላምባራስ ግን ከሰው ድምፅ በላይ፣ “ለእኔ እርሻ፣ ለእኔ ማሳ ዝናብ ላክልኝ” ይላሉ። አያ ዳምጤ ከአጠገባቸው ነበር። ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀና ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ ለደመናው ወሰንዎን የሚያሳይ ሰው ልከዋል?»

ባላምባራስ በዚህ አልሳቁም። ዛሬ ማንም ወርዶ የሚቀዳው የሾላው ምንጭ ያኔ ነው የታጠረው። “ምንጩ ያለው በርስቴ ላይ ነው፤ ለበቅሎዎቼና ለጠጄ ያስፈልገኛል” ብለው ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ገደል መውረድ ግድ ሆነባቸው፤ አንዲት ነፍሰ ጡርም ከነእንስራዋ ወደቀች። ይህን የሰማ ዕለት አያ ዳምጤ ሄዶ አጥሩን ነቀለው። ለራሱ ብሎ አልነበረም። በእሱ ጓሮ ለሁለት ሰው የምትበቃ፣ ለሦስተኛ ግን የማትተርፍ የምንጭ ጠብታ ነበረችው።

ባላምባራስ ከሰሱት። ከተረታ ያለው አንድ በሬ ይነጠቃል፤ ምንጩም ታጥሮ ይቀራል። ዳኛው የሚያስችሉት ከቆላው ማዶ፣ ሙሉ ቀን ተሂዶ ነው። በዚያ ዘመን ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ እንደ ተቆራኙ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ተከሳሹ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ተጠያቂው ከሳሹ ነው። ዘርፌ፣ “በሬው ከሄደ በምን እናርሳለን?” ብላ አለቀሰች። አያ ዳምጤም ፈርቶ ነበር፤ ቀልደኛ አይፈራም ያለ ማነው? በዚያ ፍርሃትና ልቅሶ መካከል የውኃ ቅሉን ቤት ረስቶ ወጣ።

ቆላ ሲወርዱ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆነ። ባላምባራስ የራሳቸውን ቅል አንሥተው ተጎነጩና ውታፉን መልሰው ወተፉ። ዳምጤ ሲያያቸው፣ “ምን ታየኛለህ? ሁሉም ለየጉሮሮው ነው” አሉት። ጥቂት እንደ ሄዱ የአያ ዳምጤ ጉልበት ከዳውና ግራር ሥር ዘፍ አለ። ነጠላው ጎተታቸውና ባላምባራስም ሳይወዱ አብረውት ዘፍ አሉ።

“ተነሥ እንጂ!”

“እግሬ እምቢ አለኝ፣ ጌታዬ።”

“ጠምቶህ ነው?”

«ቢጠማኝስ እርስዎን ምን አገባዎት? ሁሉም ለየጉሮሮው አይደለም እንዴ?»

ይህን ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ባላምባራስ የደረቀ ከንፈሩን አዩ፤ ከዚያ ቋጠሮውን አዩ። ይህ ሰው እዚህ ከቀረ ደሙ ከእሳቸው እጅ ነው የሚፈለገው። የእሱ ጉሮሮ ሲደርቅ የእሳቸው ነፍስ ተጨነቀች። ውታፉን በጥርሳቸው ነቅለው፣ ጭንቅላቱን ደግፈው፣ ቅሉን ወደ አፉ አስጠጉለት።

“ዳምጤ፣ በሞቴ፣ ጠጣልኝ” አሉት።

አያ ዳምጤም ጠጣላቸው። ተነሥተው ሄዱና ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳኛው ፊት ቆሙ።

ባላምባራስ ቅሉንም ግራሩንም እዚያው ቆላ ረስተውት ነበር። ነገር አሳምረው ተናገሩ። “እግዜር ያሳይዎ፣ ጌታዬ፤ ይህ ሰው ውኃ በጓሮው አለው። እሱም አልጠማው፣ ሚስቱም አልጠማት። የጠማው ሰው ካለ ራሱ መጥቶ ይክሰሰኝ። እሱ በሌላው ሰው ጥም ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?”

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ እውነት መሰላቸው። የከሳሹን ነገር ሰምተው ወደ ተከሳሹ ዞሩ። “ዳምጤ፣ መልስ ካለህ ተናገር። አንተ ካልጠማህ የሌላው ጥም ምን አገባህ?”

አያ ዳምጤ በሬውን አሰበ፤ የዘርፌን እንባ አሰበ። ከዚያ ገና ያልተፈታውን ቋጠሮ ዳኛው እንዲያዩት ከፍ አድርጎ ያዘው። የባላምባራስም ነጠላ አብሮ ከፍ አለ።

«እኔም መንገድ ላይ ይህንኑ ጠይቄ ነበር፣ ጌታዬ፤ ባላምባራስ ‹በሞቴ፣ ጠጣልኝ› አሉኝ።»