ፊት የሚዞርባት መስክ

በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ክሎንባራ በምትባል መንደር፣ ከባሕሩ በላይ ባለው መንገድ የሚያልፍ ወንድ ሁሉ በድንጋይ አጥር የተከበበች አንዲት መስክ አጠገብ ሲደርስ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ጋሪ ቢነዳም፣ ሬሳ ቢሸከምም፣ አልፏት እስኪሄድ ድረስ አያያትም። እንግዳ ሰው ማዕበሉን የሚመለከቱ ይመስለዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ልማዱ የመጣው ጎብኔት በምትባል ሴት ምክንያት ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው ጎብኔት ከሩቅ መንደር ተድራ የመጣች ነበረች። ባሏ ኮርማክ ዓሣ አጥማጅ ስለነበረ ሳምንቱን በባሕር ላይ ሲያሳልፍ፣ እሷ ከእናቱ ከሳይቭ ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት ትውላለች። ሳይቭ ዝምታቸው የሚከብድ፣ ከተናገሩም የሚያቆስሉ ሴት ነበሩና ጎብኔት በገዛ ቤቷ እንደ ልቧ ተንፍሳ አታውቅም ይባላል።

አንድ የሚያካፋ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ጥጃቸው ወደዚያች መስክ ገባች። በመስኳ መካከል ብቻውን የቆመ እሾሃማ ዛፍ አለ፤ የ«ደጎቹ ሰዎች» ነው ይሉታል። የአገሩ ሰው በዓይን የማይታዩትን የጉብታ ነዋሪዎች እንዳይቀየሙት ብሎ የሚጠራቸው እንዲህ ነው። የእነሱን ሣር የረገጠ ሰው መውጫው ይጠፋበታል፣ መልሶ የሚያገኘውም ልብሱን ገልብጦ ሲለብስ ነው ይባላል። ጎብኔት የሦስት ወር ልጇን አስተኝታ፣ የባሏን ኮት በቀሚሷ ላይ ደርባ፣ በአጥሩ ክፍተት ገባችና ጥጃዋን ነዳች። ጥጃዋ ወጣች። ጎብኔት ልትከተላት ስትል ግን ክፍተቱ የለም፤ ጥጃዋ ድንጋዩ ውስጥ ገብታ የቀረች መሰላት።

አጥሩን እየዳበሰች ዞረች። ደግማ ዞረች። ዘላ ብትሻገር የምታርፈው ተመልሳ እዚያው መስክ ውስጥ ሆነ። ከረግረጉ እንደ ማገዶ የሚነድ አፈር ቆርጠው የሚመለሱ ወንዶች መንገዱ ላይ ቆመው፣ «ክፍተቱ እኮ አጠገብሽ ነው!» እያሉ ይስቁባት ጀመር። እሷ ድምፃቸውን ትሰማለች፤ የሚያሳዩዋትን ግን አታይም። ቆይቶ ነገሩ ሲገባቸው ሳቃቸው ጠፋ፤ ገብቶ ሊያወጣት የደፈረ ግን አልነበረም። ይባስ ብሎ ከወደ ቤቷ የልጇ ልቅሶ ተሰማት። የጡቷ ወተት ፈስሶ ቀሚሷን አራሰው። ልቅሶው እየደከመ ሄደ።

ያን ጊዜ ሳይቭ በትራቸውን ይዘው መጡ።

«ልብስሽን ገልብጪ» አሉ ከአጥሩ ማዶ።

«ኮቱን ገልብጬ ለብሼው ነበር፣ እማማ። አልሆነም።»

«ኮቱ የልጄ ነው። የራስሽ መሆን አለበት። የሌላ ሰው ነገር ላይሽ ላይ እንዳይቀር፤ ወዲህ ወርውሪው።»

ወረወረችው። ከዚያ በኋላ የቀራት ያቺ አንድ ቀሚስ ብቻ ነበረች፤ መንገዱ ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። እጇ አንገትጌዋ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሳይቭ ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «ፊታችሁን ወደ ባሕሩ!»

አንዱ ፈገግ አለ። ሳይቭ በትራቸውን አነሡ። «ዙሩ አልኩ! እኔ ሂዱ እስክል አንድ ሰው ዘወር እንዳይል!»

ዞሩ። ጎብኔት በዝናቡ ውስጥ ቀሚሷን አወለቀች፣ ገልብጣም ለበሰችው። ቀና ስትል ክፍተቱ ከሦስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር። ወጥታ ሮጠች፤ ልጇንም አጠባች።

ሕፃኑ ጠግቦ ሲተኛ፣ «ኮቱ እንደማይሆን በምን አወቁ፣ እማማ?» አለቻቸው።

ሳይቭ እሳቱን ቆሰቆሱ።

«እኔም እዚያ መስክ ስገባ የባሌን ኮት ለብሼ ነበር» አሉ። «መንገዱ ላይም ወንዶች ቆመው ነበር። ለእኔ ፊቱን ያዞረ አልነበረም።»

ጎብኔት በርጩማዋን ወደ እሳቸው አስጠጋች ይባላል።

እነዚያ አሥራ ሁለት ወንዶች በማግሥቱ በዚያ ሲያልፉ ማንም ሳያዛቸው ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ ልጆቻቸውም ከእነሱ ተማሩ። ዛሬ ወደ መስኳ የሚገባ ሰው የለም ይላሉ። ይህን በእርግጥ ለማወቅ ግን ማየት ያስፈልጋል፤ ከክሎንባራ ወንዶች ደግሞ እስከ አሁን ያየ የለም።