ጨው በመጠኑ

ተረት ተረት፣ የወጥ ቤት ሐሜት።

ከዕለታት አንድ ቀን የጓዳ ነገሮች ሁሉ ተሰብስበው፣ መንደሩ በሙሉ የሚያበስልበት አንድ የወጥ አሠራር እንዲጻፍ ተስማሙ። ጸሐፊው አያ ጭልፋ ነበር። እመት ሽንኩርትን ከላይ «አምስት ሲኒ» ብሎ ጻፋት፤ ጨውን ግን ከሁሉ በታች «በመጠኑ» ብሎ አለፈው።

ጨው በቅናት አንጀቱ አረረ። «ምነው አያ ጭልፋ! ይቺ ሰው የምታስለቅስ በሲኒ ስትለካ፣ እኔ እንደ ምራቂ ‹በመጠኑ› የምባለው ምን በድዬ ነው?»

«አንተንማ የሚለካህ ሲኒ ሳይሆን ምላስ ነው» አለው ጭልፋ።

«ምላስ አላውቅም! እንደሷ በሲኒ ጻፈኝ!»

«ወንድሜ፣ እኔስ ተለክቼ ከመከተፍ መች ዳንኩ?» አለች ሽንኩርት። ጨው ፊቱን አዞረባት። ንዝንዙ ሲበዛ አያ ጭልፋ ሰለቸውና «ጨው፣ ሩብ ሲኒ» ብሎ ጻፈለት። ጨውም «ሲኒ» የምትለዋን ቃል አይቶ ደረቱን ነፋ።

ወጥ ሠሪዋ እትዬ ወለላ ድሮ ወጡን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትልሰው ነበር፤ ከዚያም ጎረቤቷን «እስቲ ጨው ቅመሽልኝ» ብላ ትጠራ ነበር። ያን ቀን ግን ጽሑፉን አየችና ጨውን ለክታ ገለበጠችው፤ ድስቱንም ከድና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ጨው በአንዱ ቤት «በዛ!»፣ በሌላው ቤት «አነሰ!» እየተባለ ይሰደባል። የሽንኩርትን ስም የሚያነሣ የለም። እሱም ድስት ውስጥ ሆኖ እስከ ዛሬ ያንን መዳፍ ይጠብቃል።

ተረቴን መልሱ፣ ወጡን ግን ቅመሱ።