ከሰፈር የማትወጣው መኪና

«ሞታ ቢሆን ትሄዱላት ነበር?»

ይህን ያሉት አንዲት እናት ናቸው። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእድር ግቢ ውስጥ። ሌላው ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እሳቸው ብቻ ቆመዋል።

«አባል ብትሆንና ብትሞት ደንቡ በሚለው መሠረት እንቀብራታለን» አሉ የእድሩ ዳኛ። «አባል አይደለችም። አልሞተችም። ምን አድርጉ ነው የምትዪን?»

«ይቅር በሏት እንግዲህ! ሳትሞት ቀርታ አስቸገረቻችሁ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

ወገኖቼ፣ ጠቡ የተነሣው በመኪና ነው። አገሩ ደብረ ብርሃን ነው። ሴትዮዋ ወይዘሮ ይመኙሻል ይባላሉ። ታናሽ እህታቸው እታለማሁ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ሐኪም ቤት የሚችለውን አድርጎ ወደ ቤቷ መለሳት። ቤቷ ግን ማን አለ? ጎረቤት በየተራ ውሃ ያቀብላታል፤ የሚያገላብጣት የለም። ወይዘሮ ይመኙሻል ወደ ራሳቸው ቤት አምጥተው ሊያስታምሟት ፈለጉ። አውቶቡስ ላይ እንዳትሳፈር መቀመጥ አትችልም፤ ተኝታ ነው መምጣት ያለባት። የእድሩ ሚኒባስ ደግሞ አስከሬንና ድንኳን እንዲይዝ የኋላ ወንበሮቹ ወጥተዋል። ፍራሽ ቢነጠፍበት ልክ ነው።

ዳኛው አቶ ወንድይፍራው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ታውቃላችሁ፤ ዕቃ ሲገባ ደስ ይለዋል፣ ሲወጣ ያመዋል። የመኪናዋን ቁልፍ ለማንም አይሰጡም። የሚነዱት ራሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቧታል፤ አጥበው ሸራ ያለብሷታል። ከከተማ እንዳትወጣ በደንቡ ያስጻፉትም እሳቸው ናቸው። ከግቢ ወደ ለቀስተኛው ቤት፣ ከለቀስተኛው ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ተመልሳ ሸራዋ ውስጥ። ሞተሩ ተነሣ ሲባል ይጠፋል። ሰዉም «ንብረት እንዲህ ነው የሚያዝ!» እያለ ያደንቃቸው ነበር።

ታዲያ ይህቺ የተጠበቀች መኪና ምን ሆነች?

ማሳል ጀመረች። ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት ጀመረች። ይህ ከጀመራት ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ቀብር ላይ፣ አስከሬኑ ተጭኖ፣ ካህናቱ ቀድመው፣ ለቀስተኛው ቆሞ ሳለ፣ ቁልፉ ቢዞር «ቅርቅር» ብላ ዝም። ጎልማሶች ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገፏት። ባልቴቷ ከኋላ ሆና የባሏ ሣጥን እየተገፋ ሲሄድ አየች። አቶ ወንድይፍራው መሪውን ይዘው፣ በመስታወቱ ውስጥ የሴትዮዋን ፊት አዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ያሰቡት ግን ምን መሰላችሁ? «አርጅታለች። ከዚህ ይበልጥ ልጠብቃት።» አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዳ፣ መልሳ ልትወጣው! መንገድ ላይ ብትቀር፣ እድሩ ሌላ መኪና የሚገዛበት አቅም የለውም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እኔን ካላመንሽ መካኒኩ ደምሰው ይፍረድ። ነገ ጋራዥ እንሂድ። አትችልም ካለ ግን ነገሩ አበቃ።»

«አበቃ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

በማግሥቱ ሄዱ። ደምሰው ወሬ የሚወድ፣ ሥራውንም የሚወድ ጎልማሳ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ ሬሳ ይዛችሁ ነው ወይስ ባዶዋን ናት?»

«ባዶዋን ናት። አሁን ዝም ብለህ እያት። ረጅም መንገድ አትችልም በላትና ይህቺ ሴት ትረፍ።»

ደምሰው የሞተር ዘይቱን መክደኛ ፈታ። ገልብጦ አሳያቸው። ከሥሩ ነጣ ያለ፣ እንደ እርጎ የረጋ ነገር ተለጥፏል።

«ወተት ታልቡባታላችሁ እንዴ?» አለ።

አቶ ወንድይፍራው ደነገጡ። «ሞተሩ አለቀ ማለት ነው?»

«ቆይ ጋሼ፣ አትቅበሯት።» የራዲያተሩን ውሃ አየ፤ አልጎደለም፣ ዘይት አልገባበትም። ባትሪውን ለካ። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የጭስ ማውጫውን በብረት መታ መታ ሲያደርገው ዝገቱ ረገፈ። ወጥቶ «ዘይት የተቀየረላት መቼ ነው?» አለ።

«ገና ነው። ኪሎ ሜትሩ አልደረሰም።»

«ኪሎ ሜትሩማ እንዴት ይድረስ? መቼ ሄዳ!»

ከዚያም እንዲህ ብሎ ነገራቸው። ሞተር ሲሠራ ውስጡ እርጥበት ይፈጠራል። በደንብ ከሞቀና ሞቆ ራቅ ብሎ ከሄደ እርጥበቱ ተንኖ ይወጣል። ሳይሞቅ ከጠፋ ግን ውስጥ ይቀራል። ዘይቱን ያበላሻል፣ የጭስ ማውጫውን ያዝጋል። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩን ለማስነሣት ብዙ ይሰጣል፣ በአጭር መንገድ ግን የሰጠውን አያገኝም። እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ አንድ ቀን ባዶውን ይቀራል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

«ስለዚህ ሥራ አልገደላትም» አለ። «ስትነሣና ስትጠፋ ነው ያለቀችው። በአጭር በአጭሩ የምትሄድ መኪና ዘይቷ የሚቀየረው ወር ተቆጥሮ ነው፤ ኪሎ ሜትር ቢጠበቅላት አይደርስም። ደግሞ በየሳምንቱ ራቅ አድርጋችሁ ንዷት፤ እስክትሞቅ ሳይሆን ሞቃ እስክትቆይ።»

«ሸዋ ሮቢት ራቅ ያለ ነው?» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

«እማማ፣ መድኃኒቷ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ዞር ብለው ቆሙ። አትችልም የሚል ሰው ፈልገው ነበር የመጡት። ቢቆጡ ማንን ይቆጣሉ? እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች አሰቡ፤ ባልዲውን፣ ሳሙናውን፣ ሸራውን። ከውጭ ሲያጥቧት ከውስጥ ትዝግ ነበር።

ደምሰው ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀየረ፣ ባትሪውን ሲሞላ አሳደረ፣ መሰነጣጠቅ የጀመረ የውሃ ቱቦ ለወጠ። ለቁልቁለቱ ብሎ ፍሬኑን ፈትቶ አየ። የጭስ ማውጫውን ግን «ይሄ ተበልቷል፤ አንድ ቀን ይለወጣል፣ ለአሁኑ ልበየደው» አለ። የጠፋው ሁሉ አይመለስማ! እድሩም የደንቡን ነገር ሌላ ጊዜ እናያለን ብሎ ለዚህ ጉዞ ብቻ ፈቀደ።

ሐሙስ ጠዋት ወጡ። አቶ ወንድይፍራው መሪ ላይ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ከጎን፣ ከኋላ ፍራሽና ብርድ ልብስ። መጀመሪያ ላይ ከኋላ ነጭ ጭስ ተከተላቸው፤ እየራቁ ሲሄዱ ሳሳ፣ ከዚያም ጠፋ። የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ መሐል ደርሶ ቆመ። አቶ ወንድይፍራው ይህን በሕይወታቸው አይተው አያውቁም።

«ሞቀች! ሞቀች!» ብለው መኪናዋን ዳር ሊያስይዙ ቃጡ።

«ታዲያ ለምን ይጮኻሉ? በዚህ ብርድ የሞቀው ሰው ደስ ይለዋል እንጂ!»

የመለኪያውን ቀስት ጠበቁ። ከመሐል አላለፈም። ደምሰው የነገራቸው ትዝ ሲላቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረዱ። አየሩ ሞቀ፣ ጋቢ ወለቀ። የእታለማሁ ደጃፍ ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። እታለማሁ ከአልጋዋ ሆና ወደ ውጭ ስታይ፣ ከፊት ለፊቷ የእድር መኪና፣ የሣጥን ማሰሪያው እንደ ተንጠለጠለ።

«እኔ ገና ነኝ እኮ!» ብላ ጮኸች። «ማን ነው የላካችሁ?»

እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሳቁ፣ አለቀሱ፣ መልሰው ሳቁ። ጎረቤቶቿ በፍራሽ ተሸክመው አስገቧት። መመለሻው ዳገት ነው። አቶ ወንድይፍራው ጥርሳቸውን ነክሰው መሪውን ጨበጡ። አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትቆማለች ይላሉ በልባቸው። ሞተሩ ግን ድምፁ ሞልቶ፣ ሳይቆራረጥ፣ እየጎተተ ወጣ። ከኋላ ድምፅ ሰሙ።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ እዚህ የተኛ ሰው አናግሮዎት ያውቃል?»

«የመጀመሪያዋ ነሽ» አሉ።

ሳቁም። ያ ሣጥን ከተገፋበት ቀን ጀምሮ ያልሳቁ ሰው፣ ዳገቱ መሐል ላይ መሪያቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ማታ ደብረ ብርሃን ገቡ። እታለማሁ ዛሬ እንደ ድሮዋ አትሄድም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን በምርኩዝ ወጥታ ከእህቷ ጋር ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሹሮው ጨው በዝቶበታል፣ አልበዛበትም እያለች ትከራከራለች። ሕያው ሰው ናታ!

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስለ መኪና የነገርኳችሁ ይመስላችኋል?

እስቲ ራሳችንን እንይ። ጸሎታችን ምን ያህል ይሄዳል? በጠዋት «ጌታ ሆይ» ብለን እናስነሣለን፤ ልባችን ሳይሞቅ «አሜን» ብለን እናጠፋለን። ከዚያ ደግሞ «እጸልያለሁ፣ ለምን ደረቅሁ?» እንላለን። ለምን እንደ ደረቅህማ አሁን ሰማህ! ሳትሞቅ እየጠፋህ ነው።

ፍቅራችንስ ምን ያህል ይሄዳል? በአንድ ቤት ያላችሁ ባልና ሚስት፣ «በላህ?» «በላሁ።» «ዘጋሽ?» «ዘጋሁ።» በዚህ ውለን እናድራለን። አልተጣላንም፤ እውነት ነው። ግን መቼ ነው አንድ ነገር ጀምረን እስኪሞቅ ያወራነው? ወላጆቻችንን ስልክ ደውለን «ደህና ናችሁ? በሉ ደህና ሁኑ» ስንል፣ ያ መደወል ነው ወይስ ማስነሣትና ማጥፋት? የታመመ ስንጠይቅ በሩ ላይ ቆመን «እግዜር ይማርህ» ብለን ስንመለስ፣ ማንን ጠየቅን?

ራሳችንን የምንጠብቅ ይመስለናል። «እንዳልደክም፣ እንዳልጎዳ፣ ጉልበቴ እንዳያልቅ» እንላለን። በየእሑዱ እንታጠባለን፣ ነጭ እንለብሳለን፣ ሰውም ያደንቀናል። ውስጣችንስ? እናንተ በአገልግሎት ደክመናል የምትሉ፣ እስቲ ጠይቁ፤ የደከማችሁት ርቃችሁ ስለ ሄዳችሁ ነው ወይስ በየበሩ ስለ ተመለሳችሁ?

ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። መኪናዋ እኮ ተነሣች! አሮጌ ናት፣ የተበላ አካል አላት፣ ግን ተነሣች። የተበላሸው ዘይት ወጣ፣ አዲስ ገባ፣ ከዚያ ሩቅ መንገድ ሄደች። እናንተም ንስሐችሁን ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አትጠብቁ፤ «ገና ብዙ አልበደልኩም» አትበሉ። ቆሞም ዘይት ይበላሻል። ንስሐ ግቡና ደግሞ አንድ ሩቅ መንገድ ምረጡ። አንድ ጸሎት እስከ መጨረሻው። አንድ የተቀየማችሁት ሰው እስከ ደጁ። አንድ በሽተኛ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ወሬው እስኪያልቅ። ጭሱ መጀመሪያ ላይ ይከተላችኋል፤ አትደንግጡ፣ እርጥበቱ እየወጣ ነው። ትንሽ ስትሞቁም «ሞቅሁ» ብላችሁ ዳር አትያዙ።

ታሪኩን ልጨርስላችሁ። በቅርቡ እድሩ ደንቡን ሊያሻሽል ተሰበሰበ። ግማሹ «አባል ያልሆነ ሰው ይጫን»፣ ግማሹ «አይጫን» ብሎ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል፤ ወይዘሮ ይመኙሻል ከሁሉም በላይ ይጮኻሉ። በበሩ በኩል አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ጓዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አባል አይደሉም። አንኮበር ላይ የታመመች ልጅ አለቻቸው። አቶ ወንድይፍራው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፣ የመኪናዋን በር ከፈቱ፣ ሽማግሌውንና ሚስታቸውን ደግፈው አስገቡ፣ ጓዙን ከኋላ አኖሩ። ሞተሩ ተነሣ። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ሄደች። ተሰብሳቢው ገና ስለ ሁለተኛው አንቀጽ ይከራከር ነበር።