አንድ ክንዱ ያጠረ የዘንባባ መስቀል

አንዲት ሴት ነበረች። በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ታስተምር ነበር። እንደ እኔው የልጅ ልጅ ያየች፣ እንደ እኔው ኮሽ ባለ ቁጥር የምትደነግጥ።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለልጆቹ ዘንባባ አከፋፈለቻቸው። «ታሞ ቤት ለዋለ ሰው የሚሰጥ መስቀል እንሥራ» አለቻቸው። መልካም አይደለም? መልካም ነው። ልጅ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በእጁ የሠራው አብሮት ይኖራል።

ግን ስጋቷ! «ጠርዙ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ!» «ቀስ በል አንተ፣ ዓይኑን ልታወጣው ነው!» ስትል ዋለች። ልጆቹ ሲሄዱ የሠሩትን አየችው። አንዱ ጠማማ፣ አንዱ የላላ። «ነገ ወላጆች ምን ይሉኛል?» አለች። ጾሙ አድክሟት፣ ወገቧን እየነዘራት፣ ሁሉንም ፈትታ እንደገና ታታቻቸው። ሃያ ሦስቱንም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ትርሲት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ መጣች። መስቀሎቹን አገላበጠች፣ አገላበጠች።

«እትዬ፣ የኔ የታለ?»

«ይኸው የኔ እናት፣ ይቺን ውሰጂ።»

«ይሄ የኔ አይደለም። የኔ አንድ ክንዱ አጭር ነው።»

«አስተካክዬልሽ ነዋ! እንደዚያ ሆኖ ለአያትሽ ይሰጣል?»

«አውቄ ነው ያሳጠርኩት። አባባ ከታመመ ጀምሮ አንድ እጁ አይዘረጋም።»

ሴትዮዋ የተረፈ ዘንባባ ፈልጋ አመጣች። «በይ እንደገና ሥሪው።»

ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። «እርስዎ ይሥሩት። እርስዎ ያውቁበታል።»

እናቶቼ፣ ይህች ቃል አትከብድም? ይህች ልጅ እኮ ትናንት የሚያውቅ እጅ ነበራት። ማን ወሰደባት? ክፉ ሰው አይደለም። የሚሳሳላት ሰው ነው።

ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ አላውቅበትም። የአባባሽን እጅ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አሳዪኝ» አለቻትና ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ልጅቱ ቆይታ ጀመረች። ተፈታባት። ደግማ ጀመረች፤ ደግሞ ተፈታባት። ፀሐዩ በረታ፤ ምእመኑ ተበተነ። የሴትዮዋ እጅ ነጠላው ውስጥ አላስቀምጥ አላት፤ ግን አላወጣችውም። ሲያልቅ ጠማማ ነው፤ አንድ ክንዱ ያጠረ። ትርሲት ይዛው ወደ አያቷ በረረች።

«እንዳትወድቂ!» አለች ሴትዮዋ። ይህችን እንኳ መተው አልቻለችም።

እናንተስ? የልጃችሁን ጸሎት «እንደዚያ አይባልም» ብላችሁ ስንት ጊዜ አቋረጣችሁት? ሻማውን «ያቃጥልሃል» ብላችሁ ስንት ጊዜ ከእጁ ወሰዳችሁት? ደክሟችኋል፣ አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል። የደከመው ሰው ነው ቶሎ እኔው ልጨርሰው የሚለው። ግን እኛ አላፊዎች ነን። እኛ ስናልፍ ለታመመው መስቀል የሚታታው በማን እጅ ነው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ልጁ የያዘውን አትቀሙት። ይጥመም። እጃችሁን ነጠላችሁ ውስጥ ክተቱና ጠብቁት።